ምርኮኛው የማን ነው?

የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የፍርድ ሚኒስቴር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1949 እና በ1950 ስለ ኢጣልያ የጦር ወንጀል የሚናገሩ ሁለት የሰነድ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ቋንቋ አሳትሞ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል የኢጣልያ ሹማምንት እርስ በርሳቸው የተላላኩትን ቴሌግራምና ሰርኩላር የያዘ ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍል በደሉ የደረሰባቸው ወይም በዐይናቸው ያዩ ሰዎች በመሐላ የሰጡትን ቃልና አስቀድሞ የታተሙ ጽሑፎችን ያቀርባል። መጻሕፍቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት ስለ መርዝ ጋዝና ስለ የካቲት 12 እልቂት ማስረጃ ለመስጠት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነባቸው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በጦርነት የተያዘ ሰው ቢበደል ተጠያቂው ማን ነው? የመታው ወታደር ነውን? ያዘዘው ጄኔራል ነውን? ወይስ መንግሥቱ ነው? ለዚህ ጥያቄ መጻሕፍቱ በውስጣቸው ጠንካራ መልስ ይዘዋል፤ የተዘጋጁበት ክስ ግን ያንኑ መልስ ሳይጠቀምበት ቀርቷል የሚል አስተያየት አለን። (ከዚህ በታች ያለ ምልክት የተጻፉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የአውሮጳውያን የሆነውን እ.ኤ.አ. እያልን እናመለክታለን።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው በመጀመሪያ ደንቡን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ ከተማ የተጻፈው የጦርነት ደንብ፣ ምርኮኞች በጠላት መንግሥት ሥልጣን ሥር ናቸው እንጂ በማረካቸው ሰው ወይም ጭፍራ እጅ አይደሉም ሲል ይደነግጋል። ኢጣልያም ይህን ውል ተቀብላ ነበር። ዛሬ ሲያነቡት ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን በጥንቱ ልማድ ምርኮ የማራኪው ነበር፤ በቋንቋችንም «ማረከ» የሚለው ግስ ሰውንም ከብትንም ጠመንጃንም ያለ ልዩነት በአንድነት ይይዛል። ደንቡ ያደረገው ነገር ሰውየውን ከማራኪው እጅ አውጥቶ ለመንግሥት በአደራ ማስረከብ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ «ንብረቱን ያጠፋው አሽከሬ ነው» ብሎ ለመዳን እንደማይችል በየትኛውም አገር ሽማግሌ ፊት የታወቀ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ እንመለስ። ከሁለቱ ይህኛውን እናበልጣለን፤ ምክንያቱም በዚህ ክፍል ኢትዮጵያ አትናገርም፤ የሚናገረው ተከሳሹ ራሱ ነው፤ ያውም በቀንና በቁጥር። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወደ ኢጣልያ ግዛት ማጠቃለሉን ዐወጀ። ግንቦት 28 ቀን ደግሞ ለማርሻል ግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም የተያዙ ዐመፀኞች ሁሉ በጥይት እንዲገደሉ አዘዘ። ሐምሌ 1 ቀን በሌላ ቴሌግራም ዐመፀኞችንና ከእነርሱ ጋር የተባበረውን ሕዝብ በሽብርና በማጥፋት መንገድ እንዲገዛ ፈቃድ ሰጠ። ብዙ አንባቢ ከነዚህ ወረቀቶች የሚያየው ጭካኔውን ነው። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን መካከል ያለው ነገር ነው። በ27 ቀን ውስጥ አንድ ቃል ተለውጧል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ የአንድ ሉዓላዊ መንግሥት ወታደር የነበረው ሰው፣ ጠመንጃውንም ቦታውንም ሳይለውጥ፣ በግንቦት ወር «ዐመፀኛ» ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ራስ እምሩ በምዕራብ፣ ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ፣ የልዑል ራስ ካሣ ልጆችም በሰላሌ ጦራቸውን ይዘው ነበር፤ ያገሪቱም ሰፊ ክፍል ገና አልተያዘም ነበር። ጦርነቱ ሳያልቅ ጦርነቱ አለቀ ተብሎ በመታወጁ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ የሚማረከው ሁሉ ምርኮኛ መባሉ ቀረ። ደንቡ የሚጠብቀው ምርኮኛን ስለ ሆነ ምርኮኛ ከሌለ የሚጠበቅ የለም።

ይህ የስም ለውጥ የበታች ወታደር ሊያደርገው የሚችል ነገር አይደለም። አንድ አሥር አለቃ ምርኮኛን በቁጣ ሊገድል ይችላል፤ «ከዛሬ ጀምሮ ምርኮኛ የሚባል የለም» ለማለት ግን የመንግሥት ማኅተም ያስፈልጋል። መጽሐፉ ታላቅ የሚሆነው ይህን ማኅተም በማሳየቱ ነው።

ትእዛዙ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደ መሰለ ለማየት የ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥን መመልከት ይበቃል። በዚያ ወር ራስ እምሩ በከፋ በኩል በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያ ተወስደውም በፖንዛ ደሴት ታሰሩ፤ በሕይወትም ተመለሱ። በዚያው ወር ደጃዝማች አበራ ካሣና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተሰጥቷቸው በፍቼ ለጄኔራል ትራኪያ ገቡ፤ ተገደሉም። በየካቲት 17 ቀን ራስ ደስታ ዳምጠው ተማርከው ያለ ሥርዐት ተረሸኑ። አራቱም መኳንንት፣ አራቱም የጦር አለቆች፣ አራቱም የአንድ ንጉሠ ነገሥት አገልጋዮች ነበሩ። አንዱን ከሦስቱ የለየው ሕግ አይደለም፤ ሕግማ ቢሆን ኖሮ ለአራቱም አንድ በሆነ ነበር። የለየው የገዢው ፈቃድ ነው። ራስ እምሩ በመትረፋቸው የኢጣልያን መንግሥት ቸር ነበር የሚሉ አሉ፤ ለእኛ ግን የሚታየን ተቃራኒው ነው። ለአንዱ ሕይወት መስጠት የቻለ መንግሥት ለሌሎቹም ይችል እንደ ነበረ በዚሁ ይመሰክራል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ከዚህ ዝቅ ብሎ ወደ እስር ቤቶቹ ይወስደናል። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ብቻ እናነሣለን። ኖኩራ በቀይ ባሕር ውስጥ በዳህላክ ደሴቶች መካከል የምትገኝ ደሴት ስትሆን፣ ኢጣልያኖች ከመጀመሪያው የኤርትራ ቅኝ ዘመን ጀምረው እስር ቤት አድርገዋታል። ደናኔ ደግሞ በሶማልያ ከመቅዲሾ በስተ ደቡብ በውቅያኖሱ ዳር የተሠራ የእስረኞች ሰፈር ነው። ከየካቲት 12 በኋላ ወደ ደናኔ የተጋዙት በጦር ሜዳ የተያዙ ብቻ አልነበሩም፤ የመኳንንት ሚስቶችና ሕፃናት፣ ጸሐፊዎች፣ ካህናት፣ ከደብረ ሊባኖስ የተረፉ ሰዎች ጭምር ነበሩ። ሌሎች መኳንንት ወደ ኢጣልያ ተወስደው በአሲናራ ደሴት፣ በሎንጎቡኮ፣ በመርኮልያኖና በቲቮሊ ተቀምጠዋል። የደናኔው እስረኛ የተበላሸ ምግብ፣ ጨው የበዛበት ውሃ፣ የወባና የተቅማጥ በሽታ ይዞት እንደ ነበረ ምስክሮቹ ይናገራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ፣ እርሱም ራሱ በደናኔ ታስሮ የነበረ፣ በዚያ ከገቡት 6,500 ሰዎች ውስጥ 3,175ቱ ሞተዋል ሲል በመሐላ ተናግሯል። ይህን ቁጥር የሚያከራክሩ አሉ፤ ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ሊነሣ የቻለው እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው መንግሥት የሞቱትን ሰዎች ስም መዝግቦ ለቤተ ሰዎቻቸው ባለማስታወቁ መሆኑን አንርሳ። ከደጋ የመጣ ሕዝብ በቆላ ባሕር ዳር ያለ በቂ መድኃኒት ሲታጎር ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በእንዲህ ያለ ቦታ ገዳዩ ማን ነው ቢባል ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው አይገኝም፤ የሚገኘው ቢሮ ነው፣ በጀት ነው፣ ዝምታ ነው። ስለዚህም ከሁሉ ይበልጥ መንግሥት እንጂ ሰው የማይጠየቅበት ወንጀል ይህ ነው።

የሁለተኛው መጽሐፍ ድካም በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ ነው። የተዘጋጀው ለውጭ አገር ዳኛ ስለ ሆነ ምስክሩ የሚናገረው ዳኛው የሚፈልገውን ያህል ነው። ከሦስት ሺህ የሚበልጡት ሙታን በአንድ መስመር ውስጥ ቁጥር ሆነው ቀርተዋል። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። ይህን ስንል አዘጋጆቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጊዜው ያጣደፋቸው እንደ ነበር እናውቃለን፤ ሆኖም ምስክርነቱን የሰጠው ሰው ራሱ ሊያነበው የማይችለው መጽሐፍ መሆኑን ሳንናገር ማለፍ አንችልም።

አሁን ወደ ክሱ እንሂድ። እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ ሁለት በር ከፍቶ ነበር። በ38ኛው አንቀጽ የኢጣልያ ኀላፊነት በኢትዮጵያ ዘንድ የሚቈጠረው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 3 ቀን 1935፣ ማለት ወረራው ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ እንዲሆን ተወሰነ። በ45ኛው አንቀጽ ደግሞ ኢጣልያ በጦር ወንጀል የተከሰሱትን አሳልፋ ለመስጠት ግዴታ ገባች። ኢትዮጵያም ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ መካከል መርጣ አሥር ስሞችን ብቻ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን አቀረበች፤ ከነዚህም ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ ሌሶና፣ ትራኪያ ይገኙበታል። ኮሚሲዮኑ እ.ኤ.አ. በ1948 መጋቢት ሥራውን ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1949 መንግሥታችን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ብቻ እንኳ ለማግኘት ቢጠይቅ ኢጣልያ እምቢ አለች፤ እንግሊዝም አልደገፈችውም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በአገሩ የጦር ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈረደበት ግን ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው እንጂ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም፤ በዚያውም ዓመት ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ1955 በአልጋው ላይ ሞተ። ባዶሊዮ እ.ኤ.አ. በ1956 ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ ሐውልት ቆመለት።

ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያዝኑትም ሁሉ የሚያዝኑት አሥሩ ሰዎች በመዳናቸው ነው። እኛ ደግሞ ክሱ ወደ አሥር ሰዎች በመውረዱ እናዝናለን። አሥር ስም ይዞ የቆመ ክስ አሥሩ ሲሞቱ አብሮ ይሞታል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ያሳየን የመንግሥት ማኅተም ነበር፤ የክሱ መዝገብ ግን የማኅተሙን ያዦች እንጂ ማኅተሙን አልያዘም። በዚያ ዘመን መንግሥትን በወንጀል የሚከስ ፍርድ ቤት አልነበረም የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የመንግሥት አባልነትን ከምርኮኛ ጋር የሚያያይዝ ፍርድ በዚያው ጊዜ በሌላ ከተማ እየተሰጠ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1948 ኅዳር ወር የቶኪዮ ፍርድ ቤት በጃፓን መሪዎች ላይ ፍርዱን ሲያነብ፣ የምርኮኞች አያያዝ ኀላፊነት በዘብ ጠባቂው ብቻ እንደማይቀርና በመንግሥቱ አባሎች፣ በጦር አዛዦች፣ ጉዳዩ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሹማምንትም ላይ እንደሚያርፍ ተናገረ። በዚህም መሠረት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሺጌሚትሱ፣ አንድም ሰው ይመታ ብለው ሳያዝዙ፣ የምርኮኞቹን ሥቃይ የሚያስረዳ አቤቱታ እየደረሳቸው በቂ እርምጃ ባለመውሰዳቸው ጭምር የ7 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። (ብዙም ሳይቆዩ ተፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 እንደገና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆናቸውን ስንሰማ ፈገግ ሳንል አልቀረንም።) በሮማ ሆነው ስለ ደናኔ የሚያውቁ ስንት የመንግሥት አባሎች ነበሩ? ይህን ጥያቄ የጠየቀ ፍርድ ቤት አልተገኘም።

ከመንግሥት የተጠየቀው ገንዘብ ነው። የፓሪሱ ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በተደረገው ስምምነት ወደ 16.3 ሚሊዮን ወርዶ በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራበት። ግድቡ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ለብዙ ዓመትም መብራት ሰጥቶናል። ይሁን እንጂ ሒሳቡ የተዘጋው ከመንግሥት ለመንግሥት ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ስለ ሌላ መንግሥት ስለ ሆነ በቀላሉ ወጥቶልናል። የራሳችንን ቤት ካልመረመርን ግን ጥናታችን ጎደሎ ይሆናል። ስለ ዐድዋ ስንናገር ዳግማዊ ምኒልክ የኢጣልያን ምርኮኞች በደኅና ይዘው መመለሳቸውንና ኢጣልያም ለምርኮኞቹ ማኖሪያ 10 ሚሊዮን ሊሬ መክፈሏን በኩራት እናነሣለን፤ መኩራታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ከነዚሁ ጋር የተማረኩት የኤርትራ ተወላጆች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል። ለምን? እነርሱ «ከዳተኛ» ተብለዋልና። አሁንም ያው የስም ነገር ነው። በአንድ ጦር ሜዳ በአንድ ቀን ለአንድ ሠራዊት ሲዋጉ ከተያዙት መካከል ነጩ ምርኮኛ ሲባል ጥቁሩ ከዳተኛ ተባለ። የግንቦት 28ቱን ቴሌግራም አንብቦ የሚቈጣ ኢትዮጵያዊ በዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ፈጥኖ ሊገልጠው አይገባም። ስሙ በቅርቡ የአገር ውስጥ ጦርነታችንም አልቀረም፤ በሁለቱም ወገን ለተፋላሚው የወጣውን ቅጽል ሁላችን ሰምተናል፤ ሰኔ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የተማረኩ ወታደሮች በመቀሌ አደባባይ ለሕዝብ እይታ በሰልፍ ሲነዱ አይተናል።

አንድ ጊዜ ግን ጥያቄው በትክክል ተጠይቆ ነበር። ኢትዮጵያና ኤርትራ በአልጀርስ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል መሠረት የቆመው የካሣ ኮሚሲዮን ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. በሄግ ስለ ጦር ምርኮኞች ሁለት ፍርዶችን ሰጠ። በእነዚህ ፍርዶች የተፈረደበት ጄኔራል የለም፤ የተፈረደበት ዘብ ጠባቂ የለም። ተጠያቂ የሆኑት ሁለቱ መንግሥታት ናቸው። ኤርትራ ሲማረኩ የተገደሉትንና የተደበደቡትን ባለመጠበቋ፣ በካምፖቿ ውስጥ በነበረው ድብደባና የጉልበት ሥራ፣ ቀይ መስቀልንም እስከ ነሐሴ 1992 ድረስ ወደ ምርኮኞቹ ባለማስገባቷ ኀላፊ ሆነች። ኢትዮጵያም በምርኮ ጊዜ የደረሰውን ድብደባ ባለመከልከሏ፣ ምርኮኞቹን ጫማ አስወልቃ በባዶ እግራቸው በማስኬዷ፣ በቂ ምግብና ሕክምና ባለመስጠቷ፣ በካምፕ ውስጥ በግድ የፖለቲካ ትምህርት በማስተማሯ፣ ጦርነቱም ካለቀ በኋላ እስከ ኅዳር 1995 ሳትመልሳቸው በማዘግየቷ ኀላፊ ሆነች። ምርኮኞቹ ከተያዙባቸው ካምፖች አንዱ በፍቼ ነበር፤ ይህን ስም ስናነብ ትንሽ ቆም አልን።

ይህን ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ከታተመው መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ እጅግ ይጠቅማል። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፤ በመሐላ የተሰጠ የእስረኛ ቃል ነው። በመጀመሪያው ቃሉ ሰሚ አጥቶ ቀረ፤ በሁለተኛው ተሰማ። በመጀመሪያው ከሳሾች ብቻ ነበርን፤ በሁለተኛው ከሳሽም ተከሳሽም ነበርን። ኮሚሲዮኑ ለሁለቱ ወገን አንድ መለኪያ መጠቀሙን የሚነቅፉ ሰዎች አጋጥመውናል፤ «እኛ በተወረርንበት ጦርነት እንዴት እኩል እንጠየቃለን?» ይላሉ። ይህ ክርክር ስሕተት ነው። ጦርነቱን ማን ጀመረው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ጫማውን ማን አስወለቀው የሚለው ሌላ ነገር ነው። በባዶ እግሩ በድንጋይ ላይ ለሚሄደው ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አይሆነውም።

ፍርዱ ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ኮሚሲዮኑ ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የመጨረሻውን የካሣ ውሳኔ ሲሰጥ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ወደ 161 ሚሊዮን ዶላር በጠቅላላ ወስኗል። እንደ ቆቃው ሁሉ ይህም ለመንግሥት ከመንግሥት የተወሰነ ነው። በቃለ መሐላቸው ፍርዱን ያስገኙት የቀድሞ ምርኮኞች ዛሬ በየቀበሌው በሕይወት አሉ፤ የደናኔን እስረኞች ግን ልንጠይቃቸው የምንችልበት ጊዜ አልፏል። ከጓደኞቻችን መካከል በአካባቢው ከሚገኙት የቀድሞ ምርኮኞች ጥቂቶቹን አነጋግሮ ቃላቸውን በራሳቸው ቋንቋ የሚጽፍልን ቢገኝ፣ በሚመጣው ዕትም ቦታ እንለቅለታለን።